ሞገድ ያለው የዶቃ አንገት ጌጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ልክና ስሌት

የታሰበው ሥራ ከአንገት ሥር ጀምሮ ትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ከውጭ ዳርቻው ሞገድ የሚነሣበት ሰፊ የአንገት ጌጥ ነው። ድንጋይም ሆነ የብረት ማንጠልጠያ አይገባበትም፤ ቅርጹ በሙሉ የሚወጣው ከመስታወት ዶቃና ከክር ብቻ ነው። ይህን ገደብ ያስቀመጥሁት፣ የሚለበስ ጥበብ ተብሎ የሚቀርበው ብዙ የዶቃ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ አምሮ፣ ሰው አንገት ላይ ሲውል ግን ከደረት ርቆ የሚቆም ወይም አንድ ወገን የሚዘነብል ሆኖ ስለማገኘው ነው። በእኔ አመለካከት የዚህ ዓይነቱ ሥራ ንድፍ የሚጀምረው ከቀለም ሳይሆን ከትከሻ ተዳፋት ነው።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። የውስጥ ዙሪያው 42 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሳይጨማደድ እንዲተኛ፣ የውጭ ዙሪያው የስፋቱን ያህል በሁለት ፓይ ተባዝቶ ከውስጡ መብለጥ አለበት። ለ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ጭማሪው 37.7 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የውጭ ዙሪያው 80 ገደማ ይደርሳል። ትከሻ ግን ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ተዳፋቱን በአማካይ 30 ዲግሪ ብለን ብንይዘው ጭማሪው በ0.866 ተባዝቶ ወደ 32.6 ዝቅ ይላል፣ የውጭ ዙሪያውም 75 ያህል ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ዙሪያ ያለው ጌጥ ዳርቻው ይጠብቅና የአንገቱን ወገን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከዚህ የበለጠው ደግሞ ትርፉን የሚያደርግበት ስለሚያጣ መታጠፍ ይጀምራል። ሞገድ ማለት እንግዲህ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ዙሪያ ማለት ነው፤ ሥራውን በሙሉ የሚገዛው ይህ አንድ ቁጥር ነው።

አብነቱን ከወፍራም ወረቀት ቆርጬ ማኔኪን (የሰው ቅርጽ ያለው የልብስ መስቀያ) ላይ በፕላስተር ለጠፍሁት። በትከሻዎቹ አናት ላይ በትክክል አረፈ፤ ከፊት ግን ደረት ከትከሻው ያነሰ ተዳፋት ስላለው ወረቀቱ በመጠኑ ተወጠረ። ወረቀቱን በምላጭ ሰንጥቄ የተከፈተውን ስፋት ለካሁ፤ ከፊት ለፊት ያለው ሩብ ክፍል ከሌላው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ዳርቻ ይፈልጋል። ለክብደቱ ያስቀመጥሁት ጣሪያ 120 ግራም ነው።

ዶቃ መረጣ

የዶቃ መጠን ቁጥር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ 15/0 ከ11/0 ያነሰ፣ 8/0 ደግሞ የበለጠ ነው። 8/0 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ክቡ 11/0 ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል፣ 15/0 ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አላቸው። ለሞገዱ የመረጥሁት ሚዩኪ የተባለው የጃፓን አምራች ዴሊካ በሚል ስም የሚሠራውን ባለ ሲሊንደር ቅርጽ 11/0 ነው። በካሊፐር ስለካው ውፍረቱ 1.6፣ ርዝመቱ 1.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወጣል። ግድግዳው ቀጭን፣ ቀዳዳው ሰፊ በመሆኑ ክር ደጋግሞ ሊያልፍበት ይችላል፤ ጎን ለጎን ሲገጥምም ክፍተት አይተውም። በአንድ ግራም ውስጥ 200 ፍሬ ገደማ ይገኛል፤ ከዚህ በታች ያሉት የክብደት ስሌቶች ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ የቆሙ ናቸው።

ለመሠረቱ ግን ሲሊንደሩ አይመችም። መሠረቱ እንደ መረብ ክፍት ስለሆነ እያንዳንዱ ዶቃ በማዕዘን ይቆማል፤ የሲሊንደሩ ጠርዝ ደግሞ ስለታም በመሆኑ ክሩን በማዕዘኑ ላይ ይበላዋል። ስለዚህ ክብ 11/0 ወሰድሁ። የቼክ ክብ ዶቃ መጠኑ ከፍሬ ፍሬ የሚለያይ ቢሆንም በመረብ ሥራ ላይ ልዩነቱ አይጎዳም፤ እንዲያውም ገጹን ሕያው ያደርገዋል ባይ ነኝ። በተጠጋጋ ስፌት ላይ ግን ያው ልዩነት ረድፉን ያጣምማል፤ አንድ ወፍራም ፍሬ ከአምስት ረድፍ በኋላ እንኳ ጉብታው ይታያል። በመሆኑም ሲሊንደሮቹን ጭምር ሸካራ ጨርቅ ላይ አፍስሼ ቀጫጭኖቹን፣ ጠማማዎቹንና ቀዳዳቸው የተደፈነውን እየለቀምሁ አወጣሁ። የተለቀሙት አይጣሉም፤ ቀጭኑ ፍሬ ክር ሲጠብቅ ክፍተት ለመሙላት ያገለግላል።

ከመጠን ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የገጽ ቅባት ፈተናው ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ፍሬ አሴቶን ውስጥ አስቀመጥሁ፣ ጥቂቱን ግማሹ በካርቶን ተሸፍኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ተውሁ፣ ጥቂቱን ደግሞ በክር ሰክቼ ላብ እንዲነካው በእጄ አንጓ ላይ አሰርሁ። ውጤቱ የተለያየ ነው። ቀለሙ በራሱ በመስታወቱ ውስጥ የቀለጠው ኮባልት ሰማያዊ በሦስቱም ፈተና አልተለወጠም። በመስታወቱ ላይ በቀለም የተነከረው ሐምራዊ በፀሐዩ ፈተና የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ግማሽ ተለያዩ። ጋልቫናይዝድ የሚባለውና ብረት የተለበጠበት ወርቃማ ዶቃ ከአንጓዬ ላይ ሲወልቅ በጠርዞቹ በኩል ግራጫው ብቅ ብሏል። ውስጡ በብር የተለበጠውም የሚያምር ብርሃን ቢሰጥም ብሩ ውሎ አድሮ ይጠቁራል። ቆዳ ላይ ለሚያርፈው የመሠረቱ ክፍል እንግዲህ የመስታወት ቀለም ብቻ እንዲገባ፣ ብልጭልጩ ከሰውነት በራቀው የሞገዱ ጫፍ ላይ ብቻ እንዲወሰን ሆነ።

አንድ ቀለም በሁለት የማምረቻ ዙር ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። ስለዚህ ከስሌቱ በላይ 20 በመቶ ያህል አስቀድሞ ከአንድ ዙር መያዝና የዙሩን ቁጥር መጻፍ የግድ ነው። በሥራው መካከል የሚገባ የሌላ ዙር ዶቃ በአምፖል ብርሃን ተመሳስሎ በቀን ብርሃን ሊለይ ይችላል።

ክር

ናይሎን ክር ለስላሳና በቀለም የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን በክብደት ሥር ይለጠጣል። ከ100 ግራም የሚጠጋ ጌጥ በናይሎን ቢሠራ ከጊዜ በኋላ ዶቃዎቹ መካከል ክር መታየት ይጀምራል። የወሰድሁት ፋየርላይን የተባለውን፣ በመጀመሪያ ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራውን የፖሊኤቲሊን ክር ነው፤ 6 ፓውንድ ይሸከማል የሚባለው 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ አይለጠጥም፣ በመስታወት ጠርዝም በቀላሉ አይቆረጥም። ጢስማ ቀለም ያለው ክር መጀመሪያ ላይ ጣትና ቀላል ቀለም ያላቸውን ዶቃዎች ስለሚያጠቁር በጨርቅ ደጋግሞ መጥረግ ያስፈልጋል። አሳላፊ ዶቃ የክሩን ቀለም ስለሚያሳይ፣ ለመሠረቱ ነጣ ያለውን፣ ለጥቁሩ ዳርቻ ጢስማውን ተጠቀምሁ። መርፌው ቁጥር 12 ነው፤ ለጠበበው መጨረሻ ቁጥር 13 በተጠባባቂነት ተቀምጧል።

ናሙናዎች

በመጀመሪያ ሙሉ ጌጡን በፔዮቴ ስፌት ለመሥራት አስቤ ስለነበር በእጅ መዳፍ የሚያህል ናሙና ሠራሁ። ፔዮቴ ማለት እያንዳንዱ አዲስ ፍሬ ባለፈው ረድፍ ከፍ ብለው በቆሙት ሁለት ፍሬዎች መካከል የሚገባበት ስፌት ነው። የተጠናቀቀው ገጽ እንደ ሰሌን ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይጠቀለላል፣ ወደ ሌላው ግን እምቢ ይላል። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት መስመር ጠንካራ ሲሆን፣ መታጠፍ የሚቻለው በረድፍና በረድፍ መካከል ነው። አንገት ላይ ሲውል ዙሪያውን ለመታጠፍና ወደ ትከሻ ለመውረድ በሁለቱም አቅጣጫ መለስለስ ስለሚያስፈልግ ናሙናው አልተስማማም፤ ክሩን አላልቼ እንደገና ስሠራው ለስላሳነቱ ተገኘ፣ በዶቃዎቹ መካከል ግን ክር መታየት ጀመረ። ክብደቱም ቢሆን የሚያስኬድ አልነበረም። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 48 ፍሬ ይገባል፤ የቀለበቱ ስፋት ደግሞ 350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ገና ሞገዱ ሳይጨመር 16,800 ፍሬ ወይም 84 ግራም ማለት ነው። በሰዓት 400 ፍሬ በሚሠራ እጅ ይህ 42 ሰዓት ይወስዳል።

ቀጥሎ የተሞከረው፣ ፍሬዎች በትናንሽ አራት ማዕዘን እየተያያዙ የሚሄዱበት የቀጤ ማዕዘን ስፌት ነው። በሁሉም አቅጣጫ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ ዙሪያውን ማስፋት ግን አራት ማዕዘኖቹን በየቦታው መሰንጠቅ ስለሚጠይቅ ገጹ ላይ የሚታይ ስፌት ይተዋል። ለአምባር ብሠራበት እመርጠዋለሁ፤ ለዚህ ግን ተውሁት።

የመረብ ስፌቱ ችግሩን ፈታው። የመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ዐይን፣ ማለትም የመረቡ ክፍት ቀዳዳ፣ 5 ፍሬ፣ የሚቀጥሉት ዙሮች 7፣ የመጨረሻዎቹ 9 ፍሬ አላቸው፤ የዐይኖቹ ብዛት ሳይለወጥ እያንዳንዱ ዐይን ስለሚሰፋ ዙሪያው ያለ ምንም ስንጥቅ ያድጋል። ከ42 ወደ 75 ሴንቲ ሜትር የሚያስኬደው ጥምርታ 1.78 ሲሆን፣ ከ5 ወደ 9 ያለው ደግሞ 1.8 ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ከፊት ለፊት ለሚያስፈልገው ተጨማሪ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በመጨረሻው ዙር ጥቂት ዐይኖች ላይ 11 ፍሬ ማስገባት በቂ ሆነ። መሠረቱ ሲያልቅ 41 ግራም መዘነ፤ ከፔዮቴው ግማሽ አይሞላም።

ሞገዱ

በመሠረቱ የውጭ ዳርቻ ላይ አራት የፔዮቴ ክንፎች ይተከላሉ፤ ሁለቱ በትከሻዎቹ፣ ሁለቱ ከፊት። እያንዳንዱ ክንፍ በ40 ክፍተት፣ ማለትም አዲስ ፍሬ በሚገባባቸው 40 ቦታዎች ይጀምራል፤ ይህ 10.4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ረድፍ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ወደ 37 ረድፍ ይመጣል።

ሞገድ የሚገኘው በየአራተኛው ክፍተት ውስጥ በአንድ ፍሬ ፈንታ ሁለት ፍሬ በማስገባትና በሚቀጥለው ረድፍ በሁለቱ መካከል አንድ ፍሬ በመጨመር ነው። በዚህ መንገድ የክፍተቶቹ ብዛት በእያንዳንዱ የጭማሪ ረድፍ በሩብ ያድጋል፤ እድገቱ በመደመር ሳይሆን በመባዛት የሚሄድ በመሆኑ ከእጅ እንዳያመልጥ አስቀድሞ መሰላት አለበት። ዳይና ታይሚኛ የተባሉት የሒሳብ ሊቅ በ1997 ሃይፐርቦሊክ ገጽን፣ ማለትም ከመሃሉ እየራቀ በሄደ መጠን ዳርቻው እየተትረፈረፈ የሚጨማደድ ገጽን፣ በክሮሼ ያሳዩት በዚሁ መርሕ ነው፤ በየተወሰነ ጥልፍ አንድ መጨመር፣ መርፌና ክር ቀሪውን ራሳቸው ያጣጥፉታል። የዶቃ ሠሪ ከሒሳብ ሊቋ የሚለየው የመስታወቱን ክብደት ስለሚሸከም ነው።

የመጀመሪያውን የሙከራ ክንፍ በየሦስተኛው ረድፍ እየጨመርሁ ጀመርሁት። በ37 ረድፍ ውስጥ 12 ጭማሪ ስለሚገባ 40 የነበረው ክፍተት ወደ 582 ይደርሳል፤ አንዱ ክንፍ ብቻ 8,250 ፍሬ ያህል፣ ማለትም 41 ግራም ይጠይቃል። አራቱ 165 ግራም ሆኑ ማለት ነው፤ ለሙሉ ጌጡ ከያዝሁት ጣሪያ በላይ። ሙከራውን ከግማሽ በታች ስደርስ አቆምሁት፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን እጥፋቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በመካከላቸው ብርሃን አያልፍም ነበር። ገጹ ሞገድ መምሰሉ ቀርቶ ድፍን ጉብታ ሆኗል።

በየሰባተኛው ረድፍ መጨመር ግን 40፣ 50፣ 62፣ 78፣ 98፣ 122 የሚል እድገት ይሰጣል። አንዱ ክንፍ 2,775 ፍሬ ወይም 14 ግራም ያህል ሲሆን፣ አራቱ 56 ግራም ይመዝናሉ። በሰዓት 400 ፍሬ ቢሰላ በክንፍ 7 ሰዓት ይወስዳል። ክሩም ይሰላል፤ እያንዳንዱ አዲስ ፍሬ ሲገባ ክሩ በራሱና ባለፈው ረድፍ ፍሬ ውስጥ ስለሚያልፍ 2.6 ሚሊ ሜትር ይበላል፣ ለክንፉ ከ7 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከነመጠላለፊያ ጫፎቹ 9 ሜትር ያዝሁ። ከአንድ ሜትር ተኩል የበለጠ ክር በአንድ ጊዜ መርፌ ላይ ማድረግ መጠላለፍን እንጂ ፍጥነትን አያመጣም።

ጭማሪዎቹ በየረድፉ አንድ ቦታ ላይ ቢደጋገሙ ገጹ እንደ ማራገቢያ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ያወጣል፤ ቦታቸውን በየጊዜው ማዛወር እጥፋቱን የበለጠ ክብ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ወረቀት ላይ የተሳለውን ንድፍ ትቼ በእጅ ስሜት መሥራትን መረጥሁ። በ1948 በባልቲሞር የተወለዱትና በ2016 የማክአርተር ፌሎሺፕ የተባለው የአሜሪካ ሽልማት የተሰጣቸው የዶቃ ጥበበኛ ጆይስ ጄይ ስኮት በፔዮቴ ስፌት የሰው ምስል ጭምር የሚይዙ የአንገት ጌጦችን ሲሠሩ ቅርጹን በነፃ እጅ ያሳድጉታል፤ በዘረኝነትና በዓመፅ ላይ የሚናገሩትን ሥራዎቻቸውን ስመለከት ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ፣ ከውስጥ ሽቦ ሳይኖር የዶቃው ገጽ ራሱን ችሎ መቆሙ ነው። የኔ ሞገድ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም ውጥረትን በረድፍ ረድፍ መለዋወጥ ቅርጽ እንደሚያስገኝ የተረዳሁት ከእነዚህ ሥራዎች ነው። ከክንፉ ሥር ክሩን አጥብቆ መያዝ ሞገዱን ያቆመዋል፤ ጫፉ አካባቢ በመጠኑ ማላላት ደግሞ እንዲወዛወዝ ይፈቅድለታል።

ትርፍ ፍሬ የገባበት ረድፍ ሲገኝ መፍታት ሁልጊዜ አያስፈልግም። ዶቃውን በፒንሳ መጭመቅ ስባሪው ወደ ውስጥ ክሩ ላይ እንዲሄድ ያደርጋል፤ ወስፌ በቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ መስበር የተሻለ ነው። ዐይን በመነጽር መከለል አለበት።

ቀለም

11/0 ዶቃ ከክንድ ርቀት ሲታይ ጎረቤቶቹ ፍሬዎች በዐይን ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ቀይና አረንጓዴ ፍሬ በፍሬ ቢደረደሩ ከሩቅ የሚታየው ቡናማ ነው። ስለዚህ ሽግግሮቹን በቀለም ሳይሆን በብርሃንና በጥላ ደረጃ ለየሁ፤ ናሙናውን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ብቻውን ብዙ ነገር ያሳያል። በመጀመሪያው ምርጫ ሰማያዊውና ጥቁር አረንጓዴው በጥቁርና ነጭ ፎቶው ላይ አንድ ሆነው ስለታዩ፣ አረንጓዴውን በደብዛዛ ነጣ ባለ ግራጫ ተካሁት። መሠረቱ ደብዛዛ፣ የሞገዱ ገጽ ከፊል አንጸባራቂ፣ የመጨረሻው አንድ ረድፍ ብቻ በ15/0 ብልጭልጭ ዶቃ ተዘጋ። ብልጭልጩን ከዚህ በላይ ማብዛት የእጥፋቱን ጥላ ያጠፋዋል።

መቆለፊያና የመልበስ ፈተና

ማግኔት መቆለፊያ ለመክፈት ቢቀልም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ላለው ሰው ስለማይመከር፣ እንዲህ ላለ ክብደትም ድንገት ስለሚከፈት አልመረጥሁትም። በፔዮቴ የተሠራ ድፍን ቁልፍና ሁለት የክር ቀለበት አደረግሁ፤ ሁለተኛው ቀለበት 2 ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ ጌጡ ለሁለት የአንገት ልክ ይሆናል። የቀለበቶቹ ክር አራት ጊዜ ታልፏል።

በመጀመሪያው የመልበስ ፈተና ሞገዱ በታሰበበት ቦታ ቆመ፤ ነገር ግን ለባሹ ሲቀመጥና ሲነሣ ጌጡ በየጊዜው ወደ ፊት ይንሸራተት ነበር። ከ56 ግራሙ የሞገድ ክብደት ግማሹ ከፊት ስለሆነ ማጅራት ላይ የሚመልሰው ነገር የለም። በቁልፉ ግራና ቀኝ ባለ 8/0 ዶቃ አጭር ዘርፍ ጨመርሁ፤ 9 ግራም ብቻ ቢሆንም መንሸራተቱን አስቆመ፤ ከኋላ የሚታየውም ገጽ ባዶ መሆኑ ቀረ። የቀኙ ትከሻ ክንፍ ጸጉር ይይዝ ስለነበር የመጨረሻውን ረድፍ በየሦስት ፍሬው በ15/0 እየዘለልሁ ጠርዙን አለሰለስሁት።

ሙሉ ክብደቱ ከነመቆለፊያው 111 ግራም ወጣ። የክሩ ጫፎች በቋጠሮ ሳይሆን በዶቃዎቹ ውስጥ ዙሪያውን ተመልሰው በመሸመን ተሰውረዋል፤ ፈጣን ማጣበቂያ ሲደርቅ ክርን ስለሚያደርቅና ዶቃ ላይ ነጭ ጢስ ስለሚተው በየትኛውም ቦታ አልገባም። ጌጡ የሚቀመጠው ተዘርግቶ ነው፤ ቢሰቀል የመረቡ ዐይኖች በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይረዝማሉ፣ የተለካው 75 ሴንቲ ሜትር ዙሪያም ይጠፋል።